ሚዛኑ ገጥሞ ፍርዱ ሲጎድል

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ዘንድሮ ሪፖርቱን ብቻ አንብበሽልን እንዳትቀመጪ፤ ስለ ፍትሐዊ ክፍፍል መጽሐፍ ቅዱስ የሚለውን ተናገሪ» ሲሉኝ ደንግጬ ነበር። እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ሥራዬ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ደብተር ማመሳከር፣ ሰኔ 30 ሲመጣ ሂሳብ መዝጋት ነው። ይህንኑ ስነግራቸው «ሰባኪማ በየእሑዱ እንሰማለን፤ ካንቺ የምንፈልገው ደብተሩ ያሳየሽን ነው» አሉኝ። ስለዚህ ደብተሩ ያሳየኝን እነግራችኋለሁ። ከፊሉ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ለመናገር ቀላል አይደለም፤ ታገሡኝ።

የገጠመው ሂሳብ

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የ2014 ዓ.ም. በጀት ዓመት ሲዘጋ፣ ሂሳባችን ያለ አንዲት ሳንቲም ልዩነት ገጠመ። ሂሳብ ሲገጥም ያለውን ደስታ የሚያውቀው ሌሊት ተቀምጦ 5 ብር ሲፈልግ ያደረ ሰው ብቻ ነው። ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ሆነ፤ ባንክ ያለው ከደብተሩ ጋር ተስማማ፤ ካዝናው ውስጥ ያለው ተቆጥሮ ልክ መጣ። ኦዲተሩ አይተው «የጎደለ የለም» ብለው ፈረሙ። ጉባኤው ላይ ሪፖርቱን ሳነብ አጨበጨባችሁልኝ። እኔም ኮርቼ ተቀመጥኩ።

ከስብሰባው በኋላ ቡና ሲጠጣ፣ ከመሥራች አባሎቻችን አንዷ የሆኑ እናት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ነገሩን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል።

«ልጄ፣ ያ ደብተርሽ ያስገባሁትን ሁሉ ያውቃል አይደል?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ አንድም ሳምንት አልቀረም» አልኳቸው።

«ታዲያ ለኔ የወጣው ስንት ነው ይላል?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም፤ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ አንድ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ያኔ 48 አባላት ነበርን። በሦስት ዓመት ውስጥ የሰጠናቸውን ብድሮች በሙሉ በየአባሉ ስም ዘረዘርኩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሠርቼ አላውቅም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። ለኦዲትም ለሪፖርትም የሚፈለገው ድምሩ ነውና። ሥራው ሲያልቅ በ17 ስሞች ፊት ያለው ቦታ ባዶ ነበር። አንድ ጊዜም አልተበደሩም። በሌላ በኩል 6 አባላት ሦስትና አራት ጊዜ ተበድረዋል።

ማንም አልሰረቀም። ደንብ የጣሰም የለም። እያንዳንዱ ብድር በማመልከቻ፣ በዋስና በኮሚቴ ፊርማ የወጣ ነው። ባዶ የሆኑት ቦታዎች የማን እንደሆኑ ሳይ ግን፣ አብዛኞቹ በየሳምንቱ ሳያጓድሉ 20 ብር የሚያስገቡት እናቶች ነበሩ። ባል የሞተባቸው፣ ጉልት የሚቸረችሩ፣ ሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ። እኔ ደረሰኝ ስቆርጥላቸው «ተባረኪ» ብለውኝ የሚሄዱት ናቸው።

ሦስት እጥፍ

ነገሩ እንዴት እንዲህ ሆነ? ደንባችንን አስታውሱ። አንዲት አባል የቆጠበችውን ሦስት እጥፍ መበደር ትችላለች ይል ነበር። ብዙ የቁጠባ ማኅበራት የሚሠሩበት ስለሆነ ማናችንም ክፉ ነው ብለን አላሰብንም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደንብ ነው፤ ከዚህ በላይ እኩልነት ከየት ይመጣል?

እስቲ አብረን እናስላ። በሳምንት 20 ብር የምታስቀምጥ እናት በዓመት፣ በ52 ሳምንት፣ 1,040 ብር ትቆጥባለች። ሦስት እጥፉ 3,120 ብር ነው። በዚህ ብር የጤፍ ነጋዴ ደጃፍ መቆም ይከብዳል። በሳምንት 100 ብር የምታስቀምጠው 5,200 ብር ትቆጥባለች፤ ሦስት እጥፉ 15,600 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የራሷ 5,200 ብቻ ነው። ቀሪው 10,400 ብር ከየት መጣ? 10,400ን ለ1,040 ስታካፍሉት 10 ይሆናል። 20 ብር የሚያስገቡ አሥር እናቶች ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሁላችንም በአንድ ቀን ተነሥተን «ሦስት እጥፋችንን አምጡ» ብንል ካዝናው የሚችለው ሲሶውን ብቻ ነው። እንግዲህ ደንቡ እንዲሠራ የማይበደሩ ሰዎች መኖር አለባቸው። ሳናውቀው ማኅበራችን የቆመው በዝም ባዮች ላይ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ለቁጠባቸው የትርፍ ድርሻ ያገኙ ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ወደ ማኅበሩ የመጡት ለዚያች ድርሻ አልነበረም። የመጡት አንድ ቀን የራሳቸውን ሥራ ለማስፋት ነው።

እቁብን አስቡ። እቁብ ውስጥ ዕጣው ቀድሞ የሚወጣለትና መጨረሻ ላይ የሚደርሰው አለ። መጀመሪያ የበላው ያለ ወለድ እንደተበደረ ነው፤ የመጨረሻው እንደቆጠበ። ግን ዕጣ የማይደርሰው ሰው የለም። ሁሉም ተራውን ያውቃል፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ይህን ይጠብቃሉ። ያልተማሩ የሚባሉት አያቶቻችን የዘረጉት ሥርዓት ተራ ነበረው። እኔ በኮሌጅ ሂሳብ ተምሬ የያዝኩት ደብተር ግን ተራ አልነበረውም።

ምጣዱ

አሁን የሚከብደኝ ክፍል ላይ ደረስኩ። ዋስ ያላገኘች አባል ንብረት አስይዛ እንድትበደር ደንባችን ይፈቅድ ነበር። አንዲት እኅታችን ዋስ አጥታ የኤሌክትሪክ ምጣዷን አስያዘች። ገንዘቡን ወስዳ በምጣዱ እየጋገረች ስትከፍል ቆየች። ልጇ ታመመና ሦስት ክፍያ አሳለፈች። ሁለት የኮሚቴ አባላት ቤቷ ገብተው ምጣዱን አወጡ፤ በባጃጅ ጭነው ቢሮ አመጡት። እኔም በመዝገቡ ላይ «መያዣ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ 1» ብዬ ጻፍኩ። ሸኔ ላይ ቁጥር ለጥፌ ከበሩ ጀርባ አስቀመጥኩት።

ምጣዱ ሁለት ወር እዚያ ተቀመጠ። በየቀኑ በሩን ስከፍትና ስዘጋ አየው ነበር። እሷ በየሳምንቱ እየመጣች ቀን እንድንጨምርላት ትለምናለች። በምን ትከፍላለች? የምትጋግርበት እኛ ጋር ነው። ልብስ አጠባ ገባች፤ የምታገኘው ለቤት ኪራይ እንኳ አልበቃ አለ። እኔ ወረቀቱ የተሟላ ስለነበር ያጠፋሁት ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ሠንጠረዡን በሠራሁበት ሰሞን፣ አንድ ምሽት ኦሪት ዘዳግምን ሳነብ ምዕራፍ 24 ላይ ደረስኩ። ወፍጮን ወይም የወፍጮን መጅ መያዣ አድርጎ መውሰድን ይከለክላል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ፣ ያን የወሰደ የሰውየውን ሕይወት እንደ ወሰደ ይቆጥረዋል። ዝቅ ብሎ ደግሞ አበዳሪው መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት ዘልቆ እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዝዛል። የድሃው መያዣ ልብሱ ከሆነም፣ ሳይለብስ እንዳያድር ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለስለት ይላል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሙሴ ዘመን ወፍጮ የነበረው ለእኛ ሴቶች ምጣድ ነው። ቤቷ ገብተናል፤ ወፍጮዋን ወስደናል፤ እኔ ደግሞ ቁጥር ለጥፌበታለሁ።

ጽድቅ ስንል

በቋንቋችን አንድ ሰው ለድሃ ሲሰጥ «ለጽድቅ ነው» እንላለን። ፍርድ የምንለውን ደግሞ ለዳኛና ለችሎት ትተነዋል። ስለዚህ መስጠት በአንድ ወገን፣ ፍትሕ በሌላ ወገን ሆኖ ይታየናል። የሰጠ ይመሰገናል፤ ያልሰጠ ግን አይጠየቅም።

ነቢያቱ እንዲህ አይለያዩአቸውም። ጽድቅና ፍርድን ደጋግመው አብረው ይጠሯቸዋል። በዕብራይስጥ ጽድቅ የሚባለው ቃል ከእኛው ጋር አንድ ሥር ያለው ነው፤ ግእዝና ዕብራይስጥ ዘመዳሞች ናቸውና። አይሁድም በኋላ ዘመን ለድሃ የሚሰጠውን ገንዘብ የጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ለድሃ የሚደርሰው የድሃው ድርሻ ነው፤ መስጠቱም የተጣመመን ነገር ማቅናት ነው። ሙስሊም እኅቶቻችንም ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ዘካ ሲያወጡ ዓመት ከሞላው ገንዘብ ከአርባ አንዱን ያወጣሉ፤ ያም የድሃው መብት እንደሆነ ተምረዋል።

የቃርሚያን ሕግ ተመልከቱ። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ላይ እርሻ ያለው ሰው አዝመራውን ሲያጭድ ዳር ዳሩን አሟጦ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ዘለላ ተመልሶ እንዳይለቅም ታዟል። ያ ለድሃና ለመጻተኛ ይቀራል። እኔ ገጠር ያደጉ እናቶቻችን ቃርሚያን ሲያወሩ የሰማሁት እንደ ችግር ዘመን ትዝታ ነው። ሕጉን በሂሳብ ሠራተኛ ዓይን ሳየው ግን ሦስት ነገር አገኘሁበት።

አንደኛ፣ ባለ እርሻው ተቀባይዋን አይመርጥም። «ይቺ ትገባለች፣ ያቺ አፏ መጥፎ ነው» አይልም። ሁለተኛ፣ ቃርሚያው የሚተወው ገና ከእርሻው ላይ ነው። ጎተራ ገብቶ ከተረፈ በኋላ የሚሰጥ ትርፍራፊ አይደለም። ሦስተኛ፣ ቃራሚዋ ራሷ ሠርታ ትወስዳለች። ሩት እንዲያ አድርጋ ነው አማቷን የመገበችው። ባል የሞተባት፣ ያውም ሞዓባዊት፣ የሰው አገር ሰው ነበረች። ቦዔዝ ጥሩ ሰው ስለነበር ከሕጉም አልፎ ሠራተኞቹ ሆን ብለው ዘለላ እንዲጥሉላት አዟል። የእሱ ቸርነት መልካም ነው። ነገር ግን ሩት ወደ እርሻው የገባችው ቦዔዝ ቸር መሆኑን አውቃ አልነበረም። ደግ ሰው ባይገጥማት እንኳ የምትቆምበት ሕግ ነበር።

የኢየሩሳሌም መበለቶች

እኛ ላይ የደረሰው በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያንም ደርሶ ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ታውቁታላችሁ። ያለው ሸጦ እያመጣ በአንድ ላይ የሚኖር ሕዝብ ነበር። ከዚያ የበለጠ የፍቅር ማኅበር ከየት ይመጣል? ሆኖም የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶች በየዕለቱ እርዳታ ሲታደል ይዘለሉ ጀመር። ማጉረምረም ተነሣ።

ሐዋርያቱ ያላደረጉትን ልብ በሉ። «መንፈሳዊ ሰው አያጉረመርምም» አላሉም። «ድምሩ ልክ ነው፣ እርዳታው በሙሉ ወጥቷል» ብለው ሪፖርት አላሳዩም። ስለ መተሳሰብ ስብከት ሰብከውም አልተበተኑም። ጉባኤ ጠሩ፤ አሠራሩን ለወጡ። መልካም ስም ያላቸው ሰባት ሰዎች በሕዝቡ እንዲመረጡና ክፍፍሉን እንዲይዙ አደረጉ። የተመረጡት እነ እስጢፋኖስ፣ እነ ፊልጶስ፣ እነ ኒቆላዎስ ናቸው። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ብዙ መምህራን ከዚህ ተነሥተው፣ ሕዝቡ ክፍፍሉን ለቅሬታ አቅራቢዎቹ ወገን ሰዎች ሰጠ ይላሉ። የተዘለሉትን ሰዎች ቋንቋ የሚያውቅ ማዕዱን ያዘ ማለት ነው።

ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው ነገር ይህ ነው። ሰዎች ደግ ቢሆኑም ክፍፍሉ ሊዛባ ይችላል። ፍቅር ብቻውን ማን እንደተዘለለ አያሳይም። የተዘለለችውን ስም የሚያሳይ መዝገብ፣ ተራዋን የሚጠብቅ ደንብ፣ እሷንም የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። እግዚአብሔር ፍርድን የሚፈልገው በልባችን ብቻ መስሎን ከነበረ፣ በሚዛን፣ በመስፈሪያና በእርሻ ዳር ላይ ሕግ ባላወጣ ነበር።

ያደረግነውና ያስከፈለን

ሠንጠረዡን ይዤ ለኮሚቴው ቀረብኩ። ቀጥሎ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ፤ ለእንግዶቻችን ባጭሩ ላስረዳ።

ከሁሉ በፊት ምጣዱ ተመለሰ። ለሥራ የሚያገለግል ዕቃ ከእንግዲህ መያዣ እንዳይሆን ተወሰነ። ስድስት ወር ሳታቋርጥ የቆጠበች ማንኛዋም አባል፣ ቁጠባዋ ትንሽም ቢሆን፣ 5,000 ብር መበደር እንድትችል ሆነ። አንድ ጊዜም ያልተበደረች አመልክታ እያለች ለሌላ ሰው ሁለተኛ ብድር እንዳይሰጥ ተደነገገ። ዋስ የምታጣ አባል ከአራት ጓደኞቿ ጋር ሆና አምስቱ ለእርስ በርሳቸው ዋስ እንዲሆኑ ተፈቀደ። መጻፍ የማትችል በቃሏ ተናግራ ጸሐፊዋ ትጽፍላታለች። ክፍያው በወር መሆኑ ቀርቶ፣ ለፈለገች በገበያው ማግስት በየሳምንቱ ሆነ፤ ጉልት የምትሸጥ ሴት ብር እጇ ላይ የሚገኘው ያን ቀን ነውና። በብድር ኮሚቴው ውስጥም ከ17ቱ ሁለቱ ገቡ።

በቀላሉ አለፈ ብዬ አልዋሻችሁም። በሳምንት 100 ብር ከምታስቀምጡት መካከል አንዷ ተነሥታ «እኔ ቁርስ ሳልበላ ነው ያጠራቀምኩት። ሱቄ ሲያድግ ወለዱ ለሁላችሁም ነው የሚደርሰው። ብዙ የቆጠበ ብዙ ይበደር፤ ፍትሕ ማለት ይኼ ነው» አለች። ያለችው ከንቱ አይደለም። ትልቁ ብድር ወለዱን ያመጣ ነበር፤ ከትርፍ ድርሻውም ሁላችንም በልተናል። እሷም ክፉ ሰው አይደለችም። ማኅበሩ የቢሮ ኪራይ ባጣበት ዓመት ከኪሷ የከፈለችው እሷ ናት።

ያን ዕለት አንዲት አባል የዳዊትን ታሪክ አነሣች። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 30 ላይ አለ። ዳዊት የተማረኩትን ሊያስመልስ 600 ሰው ይዞ ወጣ። 200ዎቹ ደክመው ከወንዝ ማዶ መሻገር አቃታቸውና ከጓዙ ጋር ቀሩ። 400ዎቹ ተዋግተው ምርኮውን ይዘው ሲመለሱ፣ ከመካከላቸው «አብረውን ላልዘመቱት ከምርኮው አናካፍልም» የሚሉ ተነሡ። ዳዊት እምቢ አለ። የዘመተውም ጓዝ የጠበቀውም እኩል ይካፈላል ብሎ ፈረደ፤ ያም በእስራኤል ሥርዓት ሆኖ ቀረ። ምክንያቱ የሚገርም ነው። ምርኮውን እግዚአብሔር የሰጠን ነው እንጂ በጉልበታችን ያገኘነው አይደለም ነው ያላቸው።

ያቺ አባል ታሪኩን ነግራ ስታበቃ «እኛም 20 ብራችንን ይዘን ጓዝ ስንጠብቅ ነው የኖርነው» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ።

የቁጠባው ነገር አልተነካም፤ የቆጠብሽው የራስሽ ነው። የትርፍ ድርሻውም እንደ ድሮው በቁጠባሽ ልክ ነው። የተለወጠው የጋራውን ገንዘብ የመጠቀም ተራ ነው። በዚህ ያልተስማማች አንዲት አባል ወጣች። ቁጠባዋን ከነድርሻዋ ቆጥሬ አስረከብኳት። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ነገሩን ግን አንሥተነው አናውቅም። አሁንም ያመኛል።

ከአዲሶቹ ተበዳሪዎችም ሁሉም አልተሳካላቸውም። አንዷ ያረባቻቸው ዶሮዎች አለቁባት፤ አንዷ ከተማ ለቀቀች። ሁለቱ ብድሮች ዛሬም በውዝፍ መዝገብ ላይ ናቸው። ለዚህ ከወለዱ ጥቂት እየቀነስን መጠባበቂያ መያዝ ጀምረናል፤ የዘንድሮ የትርፍ ድርሻችሁ ትንሽ ያነሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ፍትሕ ወጪ አለው፤ ወጪውን ደብቄ ሪፖርት ባቀርብላችሁ ዳግመኛ አጠፋሁ ማለት ነው።

በዘንድሮው ሠንጠረዥ፣ ከ17ቱ 13ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተበድረዋል። ሁለቱ «ብድር አልወድም፣ ቁጠባው ይበቃኛል» ብለዋል፤ ያም መብታቸው ነው። አንዷ በሞት ተለይታናለች። ነፍሷን ይማር፤ ተራዋ ሳይደርስ ነው የሄደችው። አንዷን ገና አላገኘናትም፤ ስብሰባም አትመጣም። የሰፈሯ ቡድን ቤቷ ሄዶ እንዲጠይቃት አደራ እላለሁ።

ለአጋሮቻችን

የተከበራችሁ ለጋሾቻችን፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ የነበረውን በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ እናገኘዋለን። የመቄዶንያ ሰዎች ራሳቸው ድሆች ሆነው ሰጡ። የቆሮንቶስ ሰዎች ግን ከዓመት በፊት ጀምረው ገና አልጨረሱም ነበር። ውዝፍ ያለባችሁ አባላት እንግዲህ ብቻችሁን አይደላችሁም!

ጳውሎስ ሲያሳስባቸው፣ ሌላው ቀሎለት እናንተ እንድትጨነቁ አይደለም ይላቸዋል፤ ሐሳቡ እኩልነት እንዲሆን ነው። የዛሬው የእናንተ ትርፍ የእነሱን ጉድለት ይሞላል፤ ሌላ ጊዜም የእነሱ የእናንተን። ምሳሌ ያደረገውም መናን ነው፤ ብዙ የለቀመው አልተረፈውም፣ ጥቂት የለቀመውም አልጎደለበትም። ሰጪና ተቀባይ በአንድ መስፈሪያ የሚሰፈሩበት ነገር ነው።

ገንዘቡን ሲልክም ብቻውን አልያዘውም። ቲቶን፣ ከእሱም ጋር በአብያተ ክርስቲያናት የታመኑ ወንድሞችን ላከ። ይህን ያህል ስጦታ ስንይዝ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠንቀቅ፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስብ የሚል ነው ሐሳቡ። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ ጳውሎስ ስለ ደረሰኝና ስለ ሁለት ፊርማ የሚያወራ ይመስለኛል። ስለዚህ ሪፖርት ጠይቁን፤ ደረሰኝ ጠይቁን፤ አንቀየምም።

አንድ ጥያቄ ግን ጨምሩልን። እስከ ዛሬ የምትልኩልን ቅጽ «ስንት ሰው ተጠቀመ?» ይላል። እኔም ለዓመታት በኩራት ሞልቼዋለሁ። አራት ጊዜ የተበደረችን አንዲት ሴት አራት ተጠቃሚ አድርጌ የቆጠርኩበት ቅጽም አለ፤ ቅጹ አልከለከለኝምና። «ማን አላገኘም? ለምን?» የሚል አንድ መስመር ብትጨምሩበት፣ እንደ እኔ ያለውን ሂሳብ ሠራተኛ ሦስት ዓመት ቀድማችሁ ታነቁት ነበር።

እኅቶቼ፣ እናንተም በየቡድናችሁ በየሦስት ወሩ ጸሐፊያችሁን «የተበደሩትን ብቻ ሳይሆን ያልተበደሩትንም ስም አንብቢልን» በሏት። ጮክ ብላ ታንብብ። እድራችሁ፣ ሰንበቴያችሁ፣ የቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎታችሁም እንዲሁ ያድርግ። ስሟ ሲነበብ «ለምን?» የሚል አንድ ሰው ይነሣ። ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም፤ ኮሌጅም አይጠይቅም።

እኚያ ያልኳችሁ እናት ዛሬ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባለፈው ዓመት የወሰዱትን 5,000 ብር ጤፍ ገዝተውበት፣ በየሳምንቱ ከፍለው ጨርሰዋል። የመጨረሻውን ደረሰኝ ስቆርጥላቸው እንደ ድሮው «ተባረኪ» አሉኝ። ከዚያ በሩ ላይ ቆም ብለው «ያቺ ባለ ምጣዷስ ደኅና ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ደኅና ናት አልኳቸው። እየጋገረች ነው፤ ዕዳዋንም ልትጨርስ ሁለት ክፍያ ይቀራታል።

አሁን የዓመቱን የሂሳብ ሪፖርት አቀርባለሁ፤ ሠንጠረዡ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ እባካችሁ ከዚያ ጀምሩ።